ዘንዶውን ያድናል

ሟቹ በሕይወት ሳለ እንኳን እንዲህ ያለ ጤነኛ መልክ ኖሮት አያውቅም። በረጅሙ ሶፋ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ጉንጩ ፀሐይ ላይ ሲሯሯጥ እንደዋለ ልጅ ቀልቷል። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ከሬሳው አንሥታ ወለሉን ትመረምር ጀመር።

ሃምሳ ዓመት ካለፋት ቆየ። በመሥሪያ ቤቷ አለቆቿ ሳይቀሩ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ሁልጊዜ እሱ ስለሆነ።

«ልቡ ነው» አለ መስኮቱ ዳር የቆመው ሐኪም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሽበቱ ያማረ፣ አነጋገሩ የረጋ፣ በከተማው ግማሹ ሰው በእጁ የታከመ። «ግፊት ነበረበት፤ የምከታተለውም እኔው ነኝ። ባለቤቱ ደንግጣ ጠራቻችሁ እንጂ የናንተ ሥራ አልነበረም።»

«መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«እኔ። ክፍሉ ታፍኖ ነበር።»

«ይሄ ክብ ነገርስ?»

ከሶፋው ራስጌ አጠገብ፣ በጣውላው ወለል ላይ፣ የድስት ክዳን የሚያህል ጥቁር ቃጠሎ ነበር። መልሱ ከኮሪደሩ መጣ።

«ምድጃ ነበረ» አለች የሟቹ ሚስት። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። «የከሰል ምድጃ። ጎርፉ መንገድ ዘግቶብኝ እህቴ ቤት አድሬ ዛሬ ጠዋት ስመጣ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ እዚያ ነበር። ጋሼ ነው ያስወጣው።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። «ምን ልደብቅ፤ ራሱን ያጠፋ መሰለኝ። በሞቱ ላይ ወሬ እንዳይጨመርበት ብዬ ነው። ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ።»

«ባሌ ክብሪት አይጭርም!» አለች ሚስትየው። «ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ሻማ ለኩሶ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ይላል እንጂ እሳት የሚባል ነገር እዚህ ክፍል አይገባም። ታዲያ ትናንት ከየት ያመጣውን ወኔ ነው ከሰል አቀጣጥሎ ራስጌው ያስቀመጠው?»

መርማሪዋ ጥያቄውን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ራሷ ብትጠይቀው ከዚህ አታሳምረውም ነበር።

ሟቹን አገር የሚያውቀው «ሳቂታው» በሚል ስም ነው። ዘጠኝ መጻሕፍት ጽፏል፤ ሁሉም ስለ አንድ ግዛት፣ ሁሉም ተገላቢጦሽ። በሱ ግዛት ውስጥ እሳት የሚተፋው ዘንዶ ጨጓራውን ስለሚያመው ጎመን ብቻ ይበላል። ጀግናው ፈረስ ሲያይ ያስነጥሰዋል። በግንብ የተቆለፈባት ልዕልት ቁልፉን ከውስጥ ለውጣ «አዳኝ ነኝ የሚል ሁሉ ወረፋ ይያዝ፤ መጽሐፌን ልጨርስበት» ትላለች። መንገድ መሪው ጥበበኛ ሽማግሌ ገበያ ደርሶ ለመመለስ እንኳን ሰው ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ሳቅ የሚነሣው ደግሞ በመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከተጻፈ የአንድ መስመር ትንቢት ነው፤ «ልጁ ዘንዶውን ያድናል»። አንባቢው በቃሉ ያውቀዋል። ተማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ አንዱን ዘንዶ አድርገው ትንቢቱን እየጮሁ ያሳድዱታል። አደኑ የሚያልቀው በአሥረኛው መጽሐፍ ነው ተብሎ ከተነገረ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

የአሥረኛው ረቂቅ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ተደርድሯል። መርማሪዋ ገጾቹን ገለጠች። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ቀጥ አለ፤ የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። ወደ ኋላ በረንዳ ወርዳ ምድጃውን ስታይ፣ በከሰሉ ዐመድ ላይ ሌላ ስስና ጥቁር ዐመድ ተነባብሮ አገኘች። የወረቀት ዐመድ ነው። ተመልሳ የሟቹን እጅ አነሣች። ሌባ ጣቱና አውራ ጣቱ ጫፋቸው ሰማያዊ ነበር።

ቀና ስትል ክፍሉ ሙሉ እየተመለከታት መሰላት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል፤ የሃያ ዓመት ዘንዶዎች፣ ያዛጋ፣ ጎመን ያኘከ፣ ጃንጥላ የያዘ። ዓይናቸው ግን አያስቅም። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የሰው ዓይን ነው፤ የደከመ፣ በር ላይ ቆሞ ግባ የሚለው ያጣ ሰው ዓይን።

ምግብ አብሳይዋ ወጥ ቤት ውስጥ እጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ለማልቀስ እንኳን ፈርታለች።

«እማማ፣ ትናንት ከሰዓት ማን ማን መጣ?» አለቻት መርማሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ዶክተሩ ሰባት ሰዓት ላይ መጡ። ሲወጡ አላየኋቸውም፤ ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲጀምር...» ድምጿ ተቆረጠ።

«ዝናቡ ሲጀምር ምን?»

«ከላይ የሚያነብ ሰው ሰማሁ። ቃሉ አይሰማም፤ ድምፁ ብቻ ነው።»

«ጌታዎ ሲያነቡ ሊሆን ይችላል።»

«አይደለም! እሱ ሲያነብ ሁለት መስመር ሳይሄድ ይስቃል። እኔም ከዚህ ሆኜ ምኑም ሳይገባኝ አብሬው እስቃለሁ። ይሄኛው ግን... የሕያው ሰው ድምፅ አልነበረም ልጄ። ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ነው። በመሐሉ ደግሞ የሆነ ሰው ያለቅሳል።» ወደ ጣሪያው አየች። «ይሄ ቤት እኮ ደህና አይደለም። ዝናብ በጣለ ቁጥር በሩ ላይ የሚያስል ሰው አለ። ቀጣይዋን ሠራተኛ ከመጥራታቸው በፊት ጸሎት ያስደርሱበት።»

«ከዚያስ?»

«ስምንት ተኩል ላይ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ምድጃውን በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ ቅርጫት ደፍቼበት እርጥብ ልብስ አስጥቼ ነበር፤ በዚህ ዝናብ ሌላ በምን ይደርቃል? ስመለስ ልብሱ አግዳሚው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ምድጃው የለም። ማንን ልጠይቅ? እሱ መጽሐፍ ሲጨርስ በሩን ማንኳኳት ክልክል ነው። ራቱንም ደረጃው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።»

«ልብሱ ታጥፎ?»

«አዎ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ።»

መርማሪዋ ይህንንም ጻፈች።

የሟቹ አርታኢ በማተሚያ ቤቱ ቢሮ፣ በወረቀት ክምር መሐል ተገኘ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይፈልገዋል። ሐዘኑ በቁጣ የሚወጣ ሰው ነው።

«ሃያ ዓመት ተጨቃጨቅን!» አለ። «ዘንዶውን ግደልልኝ እለዋለሁ። አሞታል እኮ፣ የታመመ ይገደላል? ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ አሥረኛው አያስቅም አለኝ። አያስቅም! ሰው የሚገዛህ ሊስቅ ነው አልኩት። ስልኩን ዘጋሁበት። የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ሆነ።»

«ትናንት መጥተው ነበር ተብያለሁ፤ ለምን?»

«ልታረቅ። አሥር ሰዓት ላይ። ሠራተኛዋ እየጻፈ ነው አለችኝ፤ ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ ተመለስኩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ አላየሁም፤ ማንም አላየውም።»

የዘንዶዎቹ ሰዓሊ አርባ ዓመቷ ነው፤ የእጅጌዋ ጠርዝ ቀለም ነክቶታል። ከሟቹ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ባለች አንድ ክፍል ትኖራለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሽፋን ሥዕሉን ይዤ ሄድኩ» አለች። «በሩን ባንኳኳም መልስ የለም። የእግር መጥረጊያው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከበሩ ሥር ተወትፏል፤ ውሃ የጠጣ ነው። የፍሳሽ ነገር ይሆናል ብዬ ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፌ ወጣሁ።»

መርማሪዋ እርሳሷን አቆመች። «ከየትኛው በኩል ነው የተወተፈው? ከውስጥ ወይስ ከውጭ?»

«ከውጭ ነዋ፤ እኔ የቆምኩበት በኩል።» ሰዓሊዋ ያለችው ለራሷም ያን ጊዜ ነው የገባት። እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

ትንሽ ቆይታ መርማሪዋ ጠየቀች። «የዘንዶው ዓይን የማን ነው?»

«የአባቴ። ፎቶው አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ሃያ ዓመት ሆነው፤ ከሥዕል ትምህርት ቤት ስወጣ ሳቂታው ራሱ ፈልጎ አገኘኝና የሰው ዓይን ያለው ዘንዶ ሣዪልኝ አለኝ። ለምን እኔን እንደመረጠኝ ዛሬም አላውቅም።»

«አባትሽ ምን ሆኑ?»

«እስር ቤት ሞቱ። ሲታሰሩ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ አታወራውም።»

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የአስከሬኑ ምርመራ ውጤት መጣ። ሳቂታውን የገደለው፣ ጉንጩንም ያቀላው የከሰል ጭስ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የእንቅልፍ ኪኒን ውጧል። ኪኒኑ የሚስቱ ቢሆንም ይህ ማንንም አይለይም፤ ብልቃጡ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ለመጣ ለሄደ ሁሉ ክፍት ነው።

ሚስትየዋ አልካደችም። «እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነበር» አለች። «ዝናብ ሲጥል ከተኛበት ይነሣና በር ላይ የሚያስል ሰው አለ ይለኛል። ወርጄ አያለሁ፤ ማንም የለም። ተመልሼ ስነግረው ብርድ ልብሱን እየገፋ በረደው እኮ፣ በረደው ይላል። ማን? ብለው አይመልስልኝም። ጠዋት ተነሥቶ ደግሞ አገር የሚያስቅ ነገር ይጽፋል።»

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ አራቱንም ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ጠራቻቸው። ያሰበችው ቀላል ነገር ነው። ምግብ አብሳይዋ የሰማችው ድምፅ የሟቹ ካልሆነ ከነዚህ የአንዱ ነው፤ በየተራ ገብተው ያንብቡ፣ አሮጊቷም ወጥ ቤቷ ሆና ትለይ። የሚነበበው የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ሆነ። ውጭ ዝናቡ እንደዚያን ዕለቱ ይወርዳል።

አርታኢው እንደ አቃቤ ሕግ አነበበ። ሚስትየዋ መሐል ላይ ተሰብራ ቆመችና እንደምንም ጨረሰች። ሰዓሊዋ ገጹን ሳታይ በቃሏ አለችው። በመጨረሻ ሐኪሙ መጽሐፉን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ በረጋ ድምፁ ጀመረ።

«ከዕለታት አንድ ቀን ብሎ መጀመር በንጉሡ ትእዛዝ ተከልክሏል፤ ቀኑ በውል ይታወቅ ብለዋልና። እንግዲያው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሊቃውንቱ ከዋሻ ያገኙትን ብራና ሲዘረጉት አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበት ተገኘ፤ ልጁ ዘንዶውን ያድናል።»

የመጨረሻዋ መስመር የመርማሪዋን ጆሮ ቆረቆረችው። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባትም።

«የመጨረሻዋን መስመር ቢደግሙልኝ?» አለች።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መስመሯን ደገማት፤ አሁን ልክ እንደ ሌሎቹ ነበር ያነበበው።

ከታች ምግብ አብሳይዋ ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። «አንዳቸውም አይደሉም ልጄ። ያ ድምፅ የነሱ አይደለም።»

«ልፋታችን ከንቱ ሆነ» አለ ሐኪሙ በትሕትና።

«ሰው ለፍቶ ምን ያጣል ዶክተር» አለችው መርማሪዋ።

ያን ምሽትና የነጋታውን ጠዋት ምን ስትሠራ እንዳሳለፈች ለማንም አልተናገረችም። መዝገብ ቤት ገብታ አቧራ የጠጣ የፍርድ ቤት ፋይል ስታስፈልግ ያዩዋት አሉ። ከዚያም የሟቹን ኮት ኪስ ፈትሻ በጭቃ መንገድ ወደ ከተማው ዳር ሄደች። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሰዓሊዋ ቀድማ መጥታለች። መርማሪዋ ለብቻዋ ስታነጋግራት ቆይታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም። አርታኢው አይቷት ለሚስትየዋ በሹክሹክታ «እሷ ናት እንዴ?» አለ።

መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«ራሱን አላጠፋም» ብላ ጀመረች። «ክብሪት የማይጭር ሰው ነው ብለን እንተወው፤ ፈሪም አንድ ቀን ይደፍራል። ግን ከሶፋ ላይ የተኛ ሰው ከበሩ ውጭ ያለ ምንጣፍ ሊወትፍ አይችልም። ስለዚህ የገደለው ሰው አለ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው የሆነው፤ ሰዓሊዋ ስትደርስ ምንጣፉ ተወትፏል። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ ደንግጣ ስትገባ ሳታስተውለው በእግሯ ገፍታው አልፋለች።»

«ካመንናት» አለ አርታኢው።

«ማመን አለብን። እሷ ገዳይ ብትሆን ስለ ምንጣፉ ባልነገረችኝ ነበር። የምንጣፉን ነገር ያነሣችልኝ እሷ ናት እንጂ እኔ ራሴን ማጥፋት ብዬ ፋይሉን ልዘጋ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«ሁለተኛ፣ ለምን? የጠፋው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ምድጃው ውስጥ ተቃጥሏል። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ምን አለ? የዚህ ቤት ሰው ሁሉ አላነበብኩም፣ አልሰማሁም ይላል። ትናንት ግን ያላሰብኩት ነገር ሆነ። እኔ የፈለግሁት ድምፅ ነበር። ያገኘሁት አንዲት ፊደል ነው።»

መጽሐፉን ከፈተች።

«ልጁ ዘንዶውን ያድናል። ‹ድ›ን ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡት፤ አደን ነው። ጦር ይዞ ያሳድደዋል። ሃያ ዓመት ሁላችንም ያነበብነው እንዲያ ነው፤ ልጆቻችን የሚጮሁት እንዲያ ነው። አሁን ላላ አድርጋችሁ አንብቡት።»

ከዚያ ሚስትየዋ በዝቅታ ሞከረችው። አላልታ። ቃሉ በአፏ ውስጥ ሌላ ሆነ፤ ከሞት ያወጣዋል፣ ያተርፈዋል። ፊቷን ሸፈነች።

«ወረቀት ላይ አንድ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ጆሮ ነው። ሳቂታው ዘጠኝ መጽሐፍ ሙሉ አሥቆን በአሥረኛው ሊያዞረን ያዘጋጀው ይህንን ነበር። ትናንት ሦስት ሰው አጥብቆ አነበበ። አንድ ሰው አላልቶ አነበበ። ድገመው ስለው አጠበቀ። ይህን ንባብ ከሟቹ አፍ የሰማ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚያነበው፤ ከሰማው በኋላም ከጆሮው ያልወጣለት ሰው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ሐኪሙ ፈገግ አለ።

«በምላስ ስሕተት ሰው ይከሰሳል? ምላስ እኮ ይወላገዳል።»

«ይወላገዳል። እኔም ለራሴ እንዲያ አልኩ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሰው እሳት የሚፈራው ያየው ነገር ቢኖር ነው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የናንተ ቤት ተቃጥሏል፤ እናታችሁም እዚያ ሞተዋል። የተፈረደበት የግቢው ዘበኛ ነው። ሲጋራ ሲያጨስ ጭሱ በአፍንጫው ስለሚወጣ ሕፃናቱ ዘንዶ ይሉት ነበር። ሳል አይለየውም። ሲጋራውን ዕቃ ቤት ሲጥል አየሁት ብሎ የመሰከረበት አንድ ሰው ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ። ዘበኛው በሦስተኛ ዓመቱ እስር ቤት ሞተ። ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ።»

ሚስትየዋ ተነሥታ ሰዓሊዋ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«ተረት ነው» አለ ሐኪሙ። ድምፁ ግን ረጋ ማለቱ ቀርቷል። «ምዕራፍ የምትይው የለም። የሌለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።»

«አለ እንጂ። የሟቹ ጣት ሰማያዊ ነበር፤ የካርቦን ወረቀት ነው። ካርቦን የሚይዝ ሰው ሁለት ቅጂ አለው። በኮቱ ኪስ ውስጥ የአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ አገኘሁ፤ በሞተበት ቀን ጠዋት የተላከ። የተላከላቸው የዘበኛው ሚስት ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ልጄ መጥታ ታንብብልኝ ብለው ሳይከፍቱ አስቀምጠውት ነበር።» ከቦርሳዋ ወፍራም ፖስታ አወጣች። «በፈቃዳቸው ከፍቼ ከላይ ያለውን ደብዳቤ ብቻ አንብቤአለሁ። እንዲህ ይላል።

«‹ዛሬ ከሰዓት ወንድሜ ግፊቴን ሊለካ ሲመጣ አነብለታለሁ። ሲጋራው የሱ እንደነበር፣ ከአባታችን ተደብቆ ዕቃ ቤት ሲያጨስ እንዳየሁት፣ ዘንዶ ነው በል እንዳለኝ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ጋሼ ያለቅሳል ብዬ አስባለሁ። ምናልባት አብረን ወደ እርስዎ እንመጣለን። ፈርቼ እንዳልመለስ ግን ለእርስዎ ቀድሜ ልኬዋለሁ።›»

«አለቀሰልኝ ብሎ ነው የሞተው» አለች መርማሪዋ ወረቀቱን እያጠፈች። «እማማ የሰሙት ድምፅ የሱ የራሱ ነበር። ሳይስቅ ሲያነብ ሰምተውት ስለማያውቁ አልለዩትም። የሚያለቅሰው እርስዎ ነዎት። ከዚያ ግፊትህ ጨምሯል፣ ይህን ውጥና እረፍ አሉት። ታላቅ ወንድሙም ሐኪሙም እርስዎ ነዎት፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። እማማ ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ ምድጃውን ወደ ላይ አወጡት። ልብሱን እንኳን አልጣሉትም፤ አጥፈው አስቀመጡት። እጅዎ ሥርዓት ለምዷል። ሠላሳ ዓመት ያከመ ሐኪም ደግሞ ያንን የቀላ ጉንጭ አይቶ ልብ ነው አይልም።»

አርታኢው ወንበሩን ይዞ ተነሣ። «ሰውዬ፣ ወንድምህ እኮ ነው!»

ሐኪሙ ወደ እሱ አላየም። የሚያየው ሰዓሊዋን ነበር፤ ዓይኗን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጽሕፈት ክፍሉ ዘንዶዎች ዓይን ጋር ያገናኘው ይመስላል።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ። «አስቤው አልነበረም። አንድ ቀን እናገራለሁ እያልኩ... ሰውየው ሞተ። ከሞተ በኋላ ማን ይጠቀማል? ሐኪም ሆንኩ። ለዚያ ብዬ ነው የሆንኩት። ስንት ሰው አድኛለሁ! አንድ ለሞተ ሰው ብሎ ያንን ሁሉ ሊያፈርሰው ነው? ለምኜዋለሁ። ተንበርክኬ ለምኜዋለሁ። ጋሼ፣ አንተም አይሰማህም? ነው ያለኝ። በሩ ላይ ሲያስል አይሰማህም?»

«ይሰማዎታል?» አለችው መርማሪዋ።

ውጭ ዝናቡ ቆሟል። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ጆሮውን ወደ በሩ ቀስሮ፣ ፖሊሶቹ ክንዱን እስኪይዙት ድረስ ያደምጥ ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋና ሰዓሊዋ በከተማው ዳር ባለች ባለ አንድ መስኮት ቤት ተቀመጡ። መርማሪዋ ምዕራፉን ለመዝገቡ ከመውሰዷ በፊት የዘበኛው ሚስት ይስሙት ብላ ነው የመጣችው። አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ሰዓሊዋ ሃያ ሦስት ገጽ አነበበች። ሦስት ቦታ ላይ ማንበብ አቅቷት ቆመች፤ እናቷ አላጣደፏትም። ዘንዶው በመጨረሻው ገጽ ላይ አይሞትም፤ ልጁ አርጅቶ፣ ሽበት አብቅሎ፣ በንጉሡ አደባባይ ቆሞ ዋሸሁ ይላል። ሕዝቡም ይህን ቀልድ ይሆናል ብሎ ሳቅ ይጠብቃል፤ ሳቁ አይመጣም።

ጨርሳ ወረቀቱን አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ» አለች ሰዓሊዋ። «ታውቂ ነበር?»

«አባትሽ እንዳላቃጠለው? እሱን መች አጥቼው። ያንን ቤት እንደ ራሱ ቤት ነበር የሚጠብቀው። ያላወቅሁት ልጁ ለምን እንዳለው ነበር።» አሮጊቷ ወደ ድምፁ ዞር አሉ። «ስንት ዓመቱ ነበር አልሽኝ?»

«ሰባት።»

«ሰባት» አሉ። ጣታቸውን አጥፈው የቆጠሩ ይመስላል። «እናቱ ትናንት ተቃጥላበት፣ ታላቁ ቆሞ እንዲህ በል እያለው። ሰባት ዓመት ምን ያውቃል? ሕፃን ነው እኮ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ይዞ ከሚዞር ምነው አንድ ቀን ደጄን ቢያንኳኳ። ምን አደርገው ነበር? ና ግባ፣ በረደህ ነበር የምለው።»